ጠ እስክትደርስ

ቲቸር ፋጤ ፊደል የምታስተምረው በአፏ ሳይሆን በጉሮሮዋ ነው ይላሉ የካዛንቺስ ሰዎች፤ እውነታቸውን ነው። ሌላው መምህር ሰሌዳው ላይ ይጽፍና «በሉ» ይላል፣ ልጆቹም ይላሉ፣ አለቀ። እሷ ግን ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ ላይ ስትደርስ ጠመኔዋን አስቀምጣ ከልጆቹ ትንንሽ ወንበሮች አንዱ ላይ ቁጭ ትልና ባንድ ባንድ ትጠራቸዋለች። ልጁ ይመጣል፣ እጁን ሻርፗ ስር አስገብቶ ጉሮሮዋ ላይ ያሳርፋል። «ጠ» ትላለች። ጉሮሮዋ ዘለል ይላል። ከዚያ ልጁ እጁን ወደ ራሱ ጉሮሮ ወስዶ ያንኑ ዝላይ ሲፈልግ ይቆያል፤ ሳያገኘው አይቀመጥም። ሲያገኘው የሚስቀውን ሳቅ ያየ ሰው፣ ይቺ ሴትዮ ዕድሜዋን ሙሉ ለምን ሌላ ሥራ እንዳልፈለገች ይገባዋል። ዛሬ ባንክ ቤት የሚሠሩ፣ ታክሲ የሚነዱ፣ እነሱም በተራቸው የወለዱ አሉ፣ ያንን ጉሮሮ የነኩ።

አምና ክረምት ለዓመታት ተሸክማው የኖረችው እንቅርት አላስውጥ አላስተነፍስ ሲላት ሆስፒታል ገባች። ሐኪሙ ደግ ሰው ነበር። ከቀዶ ጥገናው በፊት አስቀምጦ እቅጩን ነገራት፦ እንቅርቱ የድምፅ ነርቯ ላይ ተጠምጥሟል፣ ሲወጣ ነርቩ ሊጎዳ ይችላል፣ ካልወጣ ደግሞ አንድ ቀን ትንፋሿን ይዘጋዋል። ከድምፅና ከትንፋሽ ምረጥ ሲሉት ሰው ምን ይመርጣል? ፈረመች።

ስትነቃ አንዲት ነርስ ስሟን ጠየቀቻት፤ የነቃውን ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠይቁት። «ፋቴ» አለች። ነርሷም «አይዞዎት ፋቴ» ብላት ወደ ቀጣዩ አልጋ ሄደች። ፋጤ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ስሟን ደጋግማ ሞከረችው። ጤዋ የለችም። ጉሮሮዋ መዝለሉን ትቶ ነበር።

ሐኪሙ ነርቩ አልተቆረጠም፣ ደክሞ ነው አላት። በስድስት በሰባት ወር ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል፣ መታገስ ነው። ፋጤ ወሮቹን በፊደል ቆጠረቻቸው። መስከረም ላይ ሀ ብላ ትጀምራለች። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ትንፋሽና ምላስ እንጂ ጉሮሮ አይጠይቁም። ቀ ኅዳር ላይ ትመጣለች፤ እሷን እንደ ምንም ካለፏት ከበ እስከ ገ ድረስ ያለው መንገድ ሜዳ ነው። ጠ ግንቦት ላይ ነው የምትደርሰው። ጠ እስክትደርስ ድምፄም ይደርሳል፣ ኢንሻ አላህ፣ አለች።

ለማንም አልተናገረችም። ጠባሳውን ሻርፕ ይሸፍነዋል፤ የሻከረውን ድምፅ ደግሞ ብርድ ነው ይባልለታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ለስንት እናት የነገረች ሴት ነች እኮ። ግን ሰው ለሌላ የሚመክረውን ለራሱ ቢሰማ ኖሮ መካሪም አይፈለግም ነበር። ደግሞም አንድ ነገር ሰምታለች፦ የሰፈሩ ቤት ግማሹ ፈርሶ ልጆቹ ስለተበተኑ በሚቀጥለው ዓመት የእሷና በጎን ትንንሾቹን የምታስተምረው የራሄል ክፍል አንድ ይሆናሉ፣ አስተማሪም አንድ ይበቃል። ራሄል ትናንት ከኮሌጅ የወጣች፣ ፈጣን፣ ጉሮሮዋም ጤነኛ ነው። ይሄ አንዱ ምክንያት ነው። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነበር፤ ፊደል ሳታስተምር ፋጤ ማን እንደሆነች ፋጤ ራሷ አታውቅም።

ኅዳር መጣና ቀ ደረሰች። ፋጤ ለቀ የኖረ ዘዴ አላት፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያስባለች እጃቸውን ጉሮሮዋ ላይ ታስደርጋቸዋለች። ዘንድሮ ጉሮሮው የለም። አፍራህ የምትባል አንዲት ልጅ ግን ነበረች፣ ድምፅዋ ቆርቆሮ የሚበሳ፣ «ቀ» ስትል ከጎረቤት ክፍል የምትሰማ። ፋጤ አፍራህን ፊት አወጣቻትና የዛሬ ቲቸር እሷ ናት አለቻቸው። ልጆቹ አበዱ በደስታ። ከዚያ ቀን በኋላ «ቲቸር አፍራህ» ሆና ቀረች፤ ቀ በየቃሉ ውስጥ ብቅ ባለች ቁጥር ፋጤ በዓይኗ ጠቀስ ታደርጋታለች፣ እሷም ከመቀመጫዋ ብድግ ትልና ታስብላቸዋለች። ፋጤም በልቧ የ«ጠ»ን ነገር ለአፍራህ ሰጠች። ድምፄ ባይመለስ እንኳ አፍራህ አለችልኝ፣ አለች።

የአፍራህ ወላጆች ቤትም ለልማት ተነሳ። ወደ ገላን ሄዱ። እናትየዋ ልጅቷን ልታሰናብት ስታመጣት ፋጤ እቅፍ አድርጋት ብዙ ቆየች። እናትየው ፋጤ ለልጇ ያላትን ፍቅር አይታ አለቀሰች። ፋጤ ያለቀሰችው ለፍቅርም ለጭንቅም ነበር፤ የትኛው እንደሚበልጥ እሷም አልለየችውም።

ወሎ ሰፈር ያለችው ቤቷ ውስጥ በየማለዳው ለሱብሂ ሶላት ተነስታ ውዱእ ስታደርግ ውኃው እየፈሰሰ ትሞክረዋለች። «ጠ» ልትል አፏን ታዘጋጃለች። «ተ» ይወጣል። ጥርና የካቲት አለፉ፤ መጋቢትም እንዲሁ። ሐኪሙ ዘንድ ተመልሳ ሄዳ ነበር፤ ትንሽዬ መስታወት ጉሮሮዋ ድረስ ሰድዶ አየና እስኪ ደግሞ እንጠብቅ አላት። ሐኪም «እንጠብቅ» ሲል ሰሚው የሚፈልገውን ይሰማል። እሷም ይመለሳል ያላት መሰላት።

በዚህ መሃል በክፍሉ ውስጥ አንድ ነገር እየሆነ ነበር፣ ከእሷ በስተቀር ሁሉም ያየው። ራሄል አንድ ቀን ሻይ እየጠጡ እየሳቀች ነገረቻት።

«እትዬ ፋጤ፣ የእርስዎ ክፍል ልጆች እኮ፣ ማለቴ፣ ሁሉም ጎርነን ብለው ነው የሚያወሩት። በኮምፔርሳቶው ግድግዳ ስሰማቸው በቃ የእድር ሽማግሌዎች ስብሰባ ነው የሚመስለኝ።»

ፋጤም ሳቀች። ወደ ክፍሏ ስትመለስ ግን ጆሮዋን ሰጠቻቸው። እውነት ነው። ያ ሁሉ ሕፃን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከጉሮሮው ሻከር አድርጎ ነው «ደ፣ ዱ፣ ዲ» የሚለው። ፊደል እንደዚያ የሚባል መስሏቸዋል። አንድ ቃል ሳትነግራቸው በሽታዋን አጥንተውላት ነበር። ያን ቀን ለራሄል መንገር ነበረባት። ከንፈሯ ድረስም ደርሶ ነበር፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ብላ መልሳ ዋጠችው።

ግንቦት ላይ ጠ ደረሰች፤ ድምፁ አልደረሰም።

ፋጤ በዚያ ጠዋት ምን ማድረግ እንዳለባት አሳምራ ታውቃለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ከኮምፔርሳቶው ወዲያ ያለችውን ራሄልን መጥራት ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ግን ልጆቹ አፋቸው ራሱ ያውቀዋል ብላ ራሷን አታለለች፤ ቀኑን ሙሉ ጣት፣ ጤፍ፣ ጥርስ ሲሉ የሚውሉ ልጆች አይደሉ? ጉሮሮ መንካት ዘንድሮ ቀርቷል አለቻቸው። ባለ ሦስት እግሯን ፊደል ሰሌዳው ላይ አሳምራ ጻፈች፣ ሁሉም በጣቱ አየሩ ላይ ከእሷ ጋር ጻፈ፣ ከዚያም በእርሳስ በየደብተሩ። እጇ ምንም አልተሳሳተም። በመጨረሻ አፏን ከፈተች፣ ዓይን ሁሉ አፏ ላይ ተተከለ፣ የወጣው ወጣ። ልጆቹም በታማኝነት፣ ሻከር ባለ ድምፅ፣ ያንኑ መለሱላት፦ «ተ፣ ቱ፣ ቲ፣ ታ፣ ቴ፣ ት፣ ቶ።» አንድም ልጅ አልተጠራጠረም።

በሳምንቱ ከተማሪዎቿ የአንዱ፣ የጠልሐ አባት ዓብዱልሀሚድ መጣ። ሜክሲኮ ላይ ጫማ የሚሸጥ፣ ትልቋን ልጁን ጁወይሪያንም እዚሁ ያስተማረ ሰው ነው። በሩ ላይ ቆሞ ሰላምታውን አበዛው፤ ነገሩ እንዳይከብዳት ብሎ ነው።

«ቲቸር፣ ወላሂ ለቅሬታ አይደለም» አለ። «ልጁ ስሙን ተልሐ ማለት ጀመረ። እናቱ ብታርመው፣ እኔ ባርመው፣ ወይ ፍንክች። ጁወይሪያ ስትስቅበትማ አለቀሰ። ቲቸር ፋጤ ናት የምታውቀው ይለናል። እንዳው እርስዎ አንዴ ቢነግሩት ይሰማዎታል ብዬ ነው።»

ፋጤ ጥርጣሬ ፈልጋ ፊቱን አየችው። የለም። ሰውየው የመጣው ልጄን አበላሽተሽብኛል ለማለት አልነበረም፤ እንደ ሐኪም ቆጥሯት ነው የመጣው። ቢቆጣት ይቀላት ነበር። እነግረዋለሁ አለችው፣ አመስግኗት ሄደ።

በእረፍት ሰዓት ሌሎቹ ውጭ ሲጫወቱ ልጁን አስቀረችው። ዓመቱን ሙሉ «የኔ አንበሳ» ስትለው ነው የኖረችው፤ እሱ በቁልምጫ ነው ብሎ ይኮራበታል። እሷ ግን ስሙን መጥራት ስለማትችል ነበር። አሁንም «ና የኔ አንበሳ» አለችውና ትንሹ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ፊት ለፊቷ አቆመችው።

«አባትህ ልክ ነው። እናትህም፣ ጁወይሪያም ልክ ናቸው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አለችው።

ልጁ አፍጥጦ አያት። ቲቸር ይሳሳታል የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም።

«ጁወይሪያ ጉሮሮሽን ነክታ ነው የተማረችው» አለ። «እኔም ልንካ።»

እንቢ ልትለው ፈለገች፤ አልቻለችም። ሻርፗን ላላ አደረገችለት። ትንሹ እጅ ገባ፣ ጠባሳው ላይ አረፈ፣ ትንሽ ሸሸት አለና ተመልሶ አረፈ። በይ አላት። ፋጤ ዓይኗን ጨፈነች። ያላትን አቅም ሁሉ ሰበሰበች፣ ሆዷ ውስጥ ያለውን ሁሉ ወደ ላይ ገፋችው፣ የአንገቷ ሥር እስኪገተር ታገለች። «ተ» አለች።

«አይዘልም» አለ ልጁ።

«አዎ። ታሞ ነው» አለችው። «ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። ድምፄ እዚያ ጋ ነው የተጎዳው።»

እጁን አወጣና ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው የፊደል ገበታ ዞረ። ከላይኛው መስመር ጀምሮ በዓይኑ መውረድ ያዘ። የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ይባላል፤ ይሄኛው ብስሉ ነበር።

«ሀም ተሳስተሽ ነው?»

«ሀ ልክ ነው።»

«ለስ?»

«ልክ ነው።»

ሐን ጠየቃት፣ መን ጠየቃት። እያንዳንዱን በጣቱ እያሳየ ወረደ፤ እሷም ለእያንዳንዱ መለሰችለት። ቀ ላይ ሲደርስ እሷን ያስተማረችህ አፍራህ ናት፣ ልክ ናት አለችው። ከዚያ በ፣ ከዚያ ተ። መጨረሻው ድረስ ወረደ። ልክ ነው ባለችው ቁጥር ራሱን ይነቀንቃል፣ ግን ማመኑን ትቶ ነበር፤ ያስታውቃል። ዓመቱን ሙሉ በእጁ ጨብጦ የያዘው ነገር ሁሉ ሲነቃነቅበት እያየች ነበር፤ ያነቃነቀችውም እሷ ናት። በሕይወቷ እንደዚያች ቀን አፍራ አታውቅም።

ልጁን ወደ ጨዋታው ሸኝታ ቀጥ ብላ ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ሄደች። ኃይለማርያም ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ሻርፗን ገልጣ ጠባሳውን አሳየችውና ከሐምሌ ጀምሮ ያለውን አንድም ሳታስቀር ነገረችው። ለምን እስከ ዛሬ እንዳልነገረችው ሲጠይቃት ሻርፗን መልሳ ጠመጠመች። ክፍሉን ከሰኞ ጀምሮ ራሄል ትያዘው አለችው፤ የራሄልን ትንንሾች የትምህርት ቤቱ ሞግዚት ትጠብቅ፣ እኔ ዕቃ ክፍል ውስጥ እርሳስም ልቅረጽ፣ መጻሕፍትም ልለጥፍ። ስለሚቀጥለው ዓመት እሷም አልጠየቀች፣ እሱም አላነሳ። ስትወጣ ከወንበሩ ተነስቶ በሩ ድረስ ሸኛት፤ እንደዚያ አድርጎ አያውቅም። ያኔ የሚቀጥለው ዓመት እንደማይኖራት ገባት።

ማታውን ለራሄል ደወለችላት። ጉሮሮ ማስነካቱን፣ የትኛው ልጅ መጀመሪያ መጠራት እንዳለበት፣ ማን እንደሚያፍርና ማን እንደሚቸኩል ነገረቻት። ራሄል ስልኩ ላይ አለቀሰች፤ የእድር ሽማግሌዎች ብላ በመሳቋ ይቅርታ ጠየቀቻት። ፋጤ ደግሞ አጽናናቻት።

ሰኞ ዕለት ዕቃ ክፍሉ ውስጥ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ እርሳስ ትቀርጻለች። በዚያና በክፍሉ መካከል ያለው ያው ኮምፔርሳቶ ነው፤ ሁሉ ይሰማል። ራሄል ልጆቹን እየጠራች ጉሮሮዋን ታስነካለች። ጠ ትላለች። ልጁ ዝም ይላል፣ ይሞክራል፣ ይሞክራል፣ ከዚያ ያ የምታውቀው ሳቅ ይመጣል። አንዱ አገኘ፣ ሌላዋ አገኘች። ኋላ ሁሉም አንድ ላይ አሉት፣ ከፍ ባለ፣ በጠራ ድምፅ። መቅረጫው እጇ ላይ ቆመ። ሻካራው ድምፅ የለም። ዓመቱን ሙሉ ከእሷ ጉሮሮ የለመዱትን በአንድ ጠዋት ጥለውታል። እሰየው አለች በልቧ፤ እሰየው እያለች እንባዋ ወረደ።

ከሁሉም ኋላ ግን አንድ ድምፅ ቀረ። «ተ» ይላል፣ ጎርነን አድርጎ። ራሄል አስደገመችው፣ «ተ» አለ። እጁን ጉሮሮዋ ላይ አስደረገችው፣ ያው ነው። ጥቂት ቆይቶ የዕቃ ክፍሉ በር ተከፈተና ራሄል ብቅ አለች።

«እትዬ ፋጤ፣ ጠልሐ እንቢ አለኝ። ይችላል እኮ፣ አውቆ ነው። በቃ አንዴ ብቻ ይምጡልኝ።»

ፋጤ እንባዋን በሻርፗ ጫፍ ጠርጋ ገባች። ጠልሐ ከራሄል ፊት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። አጎንብሳ ለምን እንደማይል ጠየቀችው።

«ጉሮሮሽ እስኪድን እኔም ያንቺን ነው የምለው» አለ።

ልጁ የሰጣትን ነገር ማንም ሰጥቷት አያውቅም። ልትወስደው ትችላለች። አንድ ቃል ሳትናገር ፀጉሩን ዳበስ አድርጋው ብትወጣ፣ ቢያንስ አንድ ጉሮሮ ውስጥ ትቆይ ነበር። ሐኪሙም ተስፋ አልቆረጠም፤ እንጠብቅ ነው ያለው። ተንበርክካ ትከሻውን ያዘችው።

«አይድንም፣ የኔ ልጅ» አለችው። ለራሷም ነግራው የማታውቀው ነገር ነበር። «ከእንግዲህ ቲቸርህ ራሄል ናት። የእሷን አፍ እይ።»

ልጁ ዓይኗን ዓይኗን አያት፤ ይሄኛውስ ልክ ነው ወይ የሚል ይመስላል። ራሷን ነቀነቀችለት። ቀስ ብሎ ፊቱን አዞረ፣ ወደ ራሄል ቀና አለና አፏን እያየ «ጠ» አለ። ጠ ነበረች፣ እንከን የሌለባት። ልጆቹ አጨበጨቡ፣ ፋጤም አብራቸው አጨበጨበች። ጠልሐ ወደ እሷ አልዞረም፤ ደስ ብሎት ራሄልን እያየ እንደገና አላት። ፋጤ ከተንበረከከችበት በወንበሩ ተደግፋ ተነሳችና ወጥታ በሩን ዘጋች። ክፍሉ ወደ ጡ አልፏል።